ቅድሚያ ለማን? የዩኒቨርሲቲ እቅዶቻችን ታሪክ



ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የአዲሱ የትምህርት ዘመን እቅድ በሚገመገምበት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የተቋሙን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ውጭ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ውስጥ ደግሞ «በአዲሱ ዓመት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች» የሚል ሰነድ ግድግዳው ላይ በርቶ ይነበባል። ቅድሚያ የተሰጣቸው ጉዳዮች አሥራ አራት ነበሩ። ከጎኔ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር ጠጋ ብሎ «አሥራ አራቱም ከቀደሙ ማን ሊከተል ነው?» አለኝ። ሁለታችንም ፈገግ አልን።

ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ፈገግታዬ ጠፋ። «በቂ ተማሪ በማያገኙ የትምህርት ክፍሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ቅበላን ለጊዜው ማቆም» ይላል። ከሥሩ አምስት የትምህርት ክፍሎች ተዘርዝረዋል፤ ሦስተኛው የእኔው ታሪክ ነው። ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው አለ?» ሲሉ ዝም አልሁ። በቀደመው ዓመት ወደ ትምህርት ክፍላችን የገቡት ተማሪዎች ሰባት ነበሩ፤ በሰባት ተማሪ ምን ብዬ ልሟገት? እቅዱ ለድምፅ ሲቀርብም እጄን አወጣሁ። ደግፌ።

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሙያዬ ታሪክ ነው፤ የታሪክ ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀው መድኃኒት ወደ ኋላ ማየት ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዤ ተነሣሁ፦ በዚህች አገር ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ «ቅድሚያ ለዚህ ይሁን» ሲል የኖረው ማን ነው? የተባለውስ ምን ፍሬ አፈራ? ከዚህ በታች ያለው ለዚያ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ነው።

ሠላሳ ሦስት ተማሪዎች

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጁን የማቋቋሙን ኃላፊነት የሰጡት ካናዳዊ ለነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ለዶክተር ሉሲየን ማት ነው። እኒህ ሰውና ባልደረቦቻቸው ቀደም ብለው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ካህናት ሲሆኑ የካህን ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሃይማኖታቸውን ላይሰብኩ ተስማምተው ነው ሥራውን የያዙት።

ያን ጊዜ ቅድሚያው ግልጽ ነበር። ከየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጀምሮ የፋሺስቱ ጦር ከጦርነቱ በፊት በውጭ አገርና በአገር ቤት የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ፈጅቷቸዋል። ከነጻነት በኋላ የተቋቋሙት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ወንበር እንጂ ሰው አልነበራቸውም። ስለዚህ የኮሌጁ ዋና ተግባር ለመንግሥት ቢሮ የሚሆን ሰው ማዘጋጀት ሆነ። ይህን ቅድሚያ የወሰነው ቤተ መንግሥቱ ነው። ኮሌጁ በ1946 ዓ.ም. ቻርተር ሲሰጠውም ይኸው መንፈስ አልተለወጠም።

ከዛሬው አዳራሽ ሆኜ ስመለከተው ግን በዚያ ጠባብ እቅድ ውስጥ አንድ የማከብረው ነገር አለ። 33 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ ቁጥር አልነበረም። በጊዜው ለኮሌጅ የሚያበቃ ተማሪ ያዘጋጁ የነበሩት እንደ ኮተቤ፣ እንደ ጄኔራል ዊንጌትና እንደ ተፈሪ መኮንን ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ኮሌጁም ሊያስተምር የሚችለውን ያህል ብቻ ተቀበለ። የቅበላው ቁጥር የመጣው ከመምህሩና ከክፍሉ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሚቀጥሉት ዓመታት ሌሎች ኮሌጆች ተከተሉ፦ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ በአዲስ አበባ የምሕንድስናና የሕንጻ ኮሌጆች። እያንዳንዱ የየራሱ የውጭ ረዳት ነበረው፤ ዓለማያ የኦክላሆማ፣ የሕንጻ ኮሌጁ የስዊድን። በኋላ ከአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አጥኚዎች ኮሌጆቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንዲሰበሰቡ ሐሳብ አቀረቡ። በዚህ መሐል የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ የኮሌጁ ተማሪዎችም ለለውጡ ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ በጥይት ረገፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ያንን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ። ዓመት እንደ ሞላ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ስድስት ኪሎ ተመረቀ። የዩኒቨርሲቲያችን ታሪክና የፖለቲካችን ታሪክ በአንድ በር የገቡ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

መምህራኑ የወሰኑት ቅድሚያ

በ1957 የትምህርት ዘመን ግን አዲስ ነገር ታየ። የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች የመምህር ያለህ ይሉ ነበር። ክፍተቱን በከፊል የሚሸፍኑት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ተወያይቶ አንድ ደንብ አወጣ፦ ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ አገሩ ልዩ ልዩ ማዕዘን ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛውም ያስተምራል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ይህ ነው።

ያለ ቅሬታ የተጀመረ አልነበረም። ዲግሪውን በጊዜው ይዞ ደመወዝ መብላት የሚሻ ወጣት አንድ ዓመት መዘግየቱን እንዴት ይወደዋል? ነገር ግን የሄዱት ያዩትን አዩ። የአዲስ አበባ ልጅ ወላይታ፣ ጅጅጋ፣ ደብረ ታቦር ወርዶ የጭሰኛን ኑሮ በዐይኑ አየ። የተማሪው ንቅናቄ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና ከምድባቸው ሳይመለሱ ነው፤ ስለዚህ አገልግሎቱ ጥያቄውን ወለደው አልልም። ከመጽሐፍ የተነበበው ጥያቄ ሥጋና ደም የለበሰው ግን በየዓመቱ ከየጠቅላይ ግዛቱ በተመለሱት አገልጋዮች ነው ብዬ አምናለሁ።

መንግሥት ይህን አላሰበውም ነበር። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱ ወታደሮች ግቢው ውስጥ በተማሪዎች ላይ ተኮሱ። የመምህር እጥረት ለመሸፈን የወጣ ደንብ አንድን ትውልድ ከአገሩ ጋር አስተዋወቀ፤ ትውውቁም አገሪቱን ለወጠ። ለውጡ ለበጎ ነው ለክፉ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ ልንከራከርም ይገባል። ለእኔ ጽሑፍ የሚበቃው ግን አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቅድሚያ የተወሰነው ተማሪዎቹን በስምና በመልክ በሚያውቋቸው መምህራን ነው። እቅዱም ስንት ሰው እንደሚገባ ሳይሆን የገባው ሰው ምን እንደሚሠራ የሚናገር ነበር።

ያልተከፈተው መስከረም

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ለመደበኛ ትምህርት አልተከፈተም። ሥልጣን የያዘው ደርግ ተማሪውንና መምህሩን ወደ ገጠር ሊያዘምት ወስኗል። «የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» በታኅሣሥ ወር በይፋ ተጀመረ፤ ከሁለተኛ ደረጃ የላይኛው ክፍሎችና ከዩኒቨርሲቲው 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበራትን የማደራጀቱ ሥራ በእነዚሁ ወጣቶች ትከሻ ላይ ወደቀ።

ላይ ላዩን ሲታይ ዘመቻው የ1957ቱ አገልግሎት ታላቅ ወንድም ይመስላል። ያም ገጠር ነው፤ ይህም ገጠር ነው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። በአገልግሎቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ክፍት ሆኖ ተማሪውን ይልካል፤ ተማሪው ያየውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ያየውን ከሚያነበው ጋር ያመሳክራል። በዘመቻው ጊዜ ግን የሚመለስበት ክፍል ተዘግቷል። ያየውን የሚያመሳክርበት ቤተ መጻሕፍትና የሚሞግተው መምህር አልነበሩትም። ብዙዎቹ ከዘመቻው በቀጥታ ወደ ድርጅት ገቡ፤ ከዚያም ስንቶቹ በቀይ ሽብር እንደ ወጡ ቀሩ። በሩ እንደገና ሲከፈት ከወንበሮቹ ብዙዎቹ ባለቤት አልነበራቸውም።

ስለዚያ ዘመን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን ልዘለው አልችልም። በ1969 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቁሞ ዩኒቨርሲቲው ማዕከላዊ እቅድ ተጭኖበት ነበር። የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ግዴታ ሆኗል። ከመምህራኑ ብዙው ወይ ተሰድዷል ወይ ታስሯል። በዚያው አስጨናቂ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ መባቻ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከፈተ። ወደ ምዕራቡ ዓለም የሚወስደው የትምህርት መንገድ ሲጠብ፣ የተላከውም ሳይመለስ ሲቀር፣ መምህርን እዚሁ ማፍራት ግድ ሆነ። የዶክትሬት ትምህርትም በሚቀጥለው ዐሥር ዓመት ውስጥ ተከተለ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምናስተምረው ብዙዎቻችን፣ እኔን ጨምሮ፣ የዚያ ውሳኔ ልጆች ነን። በዚያ ሁሉ ወጀብ ውስጥ «መጀመሪያ መምህር» ያሉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ሰባ ለሠላሳ

ደርግ ሲወድቅ የተሻለ ቀን ይመጣል ተብሎ ነበር። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የስድስት ኪሎ ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ አስመልክተው ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ጠበቃቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። አገሪቱ ለዓመታት የደከመችባቸው ምሁራን በደብዳቤ ተሰናበቱ። የዩኒቨርሲቲ ቅድሚያ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ከፈለግህ እቅዱን አታንብብ፤ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠዋውን ተመልከት።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1990 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማና ደቡብ ተጨመሩ፤ ከዚያ ሌሎች፤ ከዚያም ደግሞ ሌሎች። ዛሬ ወደ 50 የሚጠጉ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ቀርቶ የዲግሪው ጊዜ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት አጠረ፤ በዚያው ዓመት የወጪ መጋራት ደንብም ወጣ።

ይህን መስፋፋት ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። የገበሬ ልጅ ነኝ። እኔ ለመማር ከአገሬ ተነሥቼ አውቶቡስ ላይ አድሬያለሁ፤ ታናሽ እኅቴ ግን ከወላጆቻችን ቤት ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ በተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። እናቴ ለእኔ ምርቃት መምጣት አልቻለችም፤ ለእርሷ ግን ድፎ ዳቦ ይዛ ሄደች። ይህን ከፖሊሲ ትንታኔ ውስጥ አውጥቼ የምጥለው ነገር አይደለም።

ችግሩ የተገለበጠው ስሌት ላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. ቁጥሩ የመጣው ከመምህሩ ነበር ብያለሁ። አሁን ቁጥሩ ቀድሞ ይመጣል፤ መምህሩ በኋላ ይፈለጋል። በሰኔ በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ ልጅ በጥቅምት ሌላውን ለመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ሰባ ለሠላሳ የሚባለው ምጣኔ መጣ፦ ከሚገቡት ተማሪዎች ሰባው በመቶ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብእ። ያን ጊዜ ወጣት ሌክቸረር ነበርሁ። ምጣኔው ሲነገረን አስታውሳለሁ፤ ማንም ሲጠይቀን ግን አላስታውስም።

ምጣኔውን ያወጡት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት ሐሰት ነው። መንገድ፣ ግድብና ፋብሪካ ልገንባ የምትል አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ የእነ ኮሪያን ምሳሌ አይተዋል። ነገር ግን ሰባ በመቶውን ተማሪ ለማስገባት ሰባ በመቶ ቤተ ሙከራ፣ ሰባ በመቶ ወርክሾፕ፣ ሰባ በመቶ የበቃ መምህር ያስፈልግ ነበር። እኔ ባየሁት ግቢ የምሕንድስና ተማሪዎች የማሽኑን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ እያዩ ተመርቀዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ተማሪው የመጣው ታሪክን ወድዶ ሳይሆን ሌላው ሁሉ ሲሞላበት ነው። በአንድ ውሳኔ ሁለት ወገን ተጎዳ፤ አንደኛው ያለ ዕቃ ተማረ፣ ሁለተኛው ያለ ፍላጎት።

ባዶ ወንበሮች

ከዚያም ሒሳቡ የሚወራረድበት ቀን መጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ወደ 30 ሺህ ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የማካካሻ ትምህርት ተጀምሮ ተጨማሪ ተማሪዎች እንዲገቡ ባይደረግ ኖሮ ብዙ ግቢዎች ጭር ባሉ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የመውጫ ፈተናም ተጀመረ። ለብዛት የተሠሩ ሕንጻዎች ብዛቱን አጡ።

እነሆ የባለፈው ነሐሴ ስብሰባ የተቀመጠው በዚህ ታሪክ ጫፍ ላይ ነው። ለብዛት ያቀደ ተቋም ብዛት ሲያጣ የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው፦ አነስተኛ ቁጥር ያለበትን መዝጋት። ትናንት «ብዙ ተቀበሉ» ያለን ብዕር ዛሬ «ጥቂት ስለሆኑ ዝጉ» ይለናል። በሁለቱም ጊዜ ግን የተጠየቀው ጥያቄ «ስንት?» የሚል ነው። «ምን ይማራሉ? ማን ያስተምራቸዋል? ባይማሩትስ ምን ይጎድላል?» የሚል ጥያቄ በአሥራ አራቱ ቅድሚያዎች ውስጥ ቦታ አላገኘም።

የሚያስገርመው፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝነት አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ወደፊት የራሳቸውን ቅድሚያ ራሳቸው እንዲወስኑ በር ከፍቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሆኗል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሰባ ዓመት ሙሉ መልስ ሲቀበል የኖረ ተቋም ጥያቄ መጠየቅን በአንድ አዋጅ ይማራል ወይ? እኔን ያሳሰበኝ የራሴ እጅ ነው። ያን ቀን ካድሬ በአዳራሹ አልነበረም። ያስፈራራኝ ሰው የለም። እጄን ያወጣሁት ከቁጥር ውጭ መናገር ስለ ረሳሁ ነው።

ምን ይጎድላል?

ያን ቀን መናገር የነበረብኝን አሁን ልናገር።

በ1992 ዓ.ም. ክረምት፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ወደ ጎጃም ወረድሁ። ርእሴ በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬ ያነሣው ዐመፅ ነበር። መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ሊያስገብረው ሞክሮ፣ በመጨረሻ አገረ ገዥውን አንሥቶ ግብሩን ለማለዘብ ተገደደ። መዝገቡ የመንግሥትን ቃል ይነግራል፤ የገበሬውን ቃል ግን የሚነግረው ሰው ነው። ቢቸና አካባቢ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ሦስት ቀን አብሬያቸው ተቀመጥሁ። «ግብሩን ብቻ አይደለም የጠላነው» አሉኝ፤ «መሬታችንን ሊለኩት መሰለን። የተለካ መሬት ደግሞ የሌላ ነው።» ያን አንድ ዐረፍተ ነገር በየትኛውም መዝገብ ውስጥ አላገኘሁትም። በሁለተኛው ዓመት ስመለስ አዛውንቱ አልነበሩም። ቃላቸው ያለው በእኔ መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ጀምሮ የታሪክ ተማሪ በክረምቱ ወደ ትውልድ ቀዬው ወርዶ ሽማግሌ እየጠየቀ፣ የአውራጃ መዝገብ እያገላበጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ስለ ከተሞች አመሠራረት፣ ስለ ገበያዎች፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ገዳማትና መስጊዶች፣ ስለ አርበኞች በዚህ መንገድ የተጻፉት ጽሑፎች ስድስት ኪሎ መደርደሪያ ላይ አሉ። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ታሪክ የጻፉ ታላላቅ ምሁራን መጻሕፍት ግርጌ ላይ እነዚህ የተማሪ ጽሑፎች በብዛት ተጠቅሰው ታገኟቸዋላችሁ። ይህን የጥናት በጀት አልሠራውም፤ ማንም ሚኒስትር አላቀደውም። አበል ያልተከፈላቸው የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው የሠሩት።

ስለዚህ ሰባት ተማሪ ሲባል ሰባት ወንበር ብቻ አይደለም። በየክረምቱ ወደ ሰባት ወረዳ የሚሄዱ ሰባት ጆሮዎች ናቸው። ቅበላው «ለጊዜው» ሲቆም ሽማግሌዎቹ ለጊዜው አይቆዩንም። የላቦራቶሪ ዕቃ ዘንድሮ ባይገዛ ከርሞ ይገዛል። የ1966ቱን አብዮት በጎልማሳነቱ ያየ ሰው ግን ከርሞ አይጠየቅም። ያለፈውን ታሪክ በየጎራችን እየቆረጥን ጦርነት በምንገጥምበት በዚህ ዘመን፣ ቢያንስ የሆነውን ከሆነበት ሰው አፍ ሰምቶ የሚጽፍ ወጣት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ፣ እባኮን የባለፉትን ዓመታት ሐዘን ይቁጠር።

«ተመራቂው ምን ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለኝም። ከሰባቱ ሁሉም በታሪክ ሥራ አያገኙም። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙ እጥፍ የሆኑት ሥራ አጥ የምሕንድስና ተመራቂዎችም መልሱ ምጣኔ እንዳልሆነ አሳይተውናል።

ምን ይደረግ?

የትምህርት ክፍል አይዘጋ የሚል ድፍን ያለ ክርክር አላነሣም። ደካማ የትምህርት ክፍል አለ፤ በስም ብቻ ያለ አለ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ እቅድ ከክፍሉ ይጀምር። በግንቦት እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል «በመጪው ዓመት ስንት ተማሪ በሚገባ ማስተማር እችላለሁ፤ ለዚያስ ምን ያስፈልገኛል?» ብሎ ይጻፍ። የተቋሙ ቅድሚያ ከዚያ ይውጣ፤ አሥራ አራት ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ይሁን።

ሁለተኛ፣ «ይቁም» የሚል ማንኛውም ውሳኔ ሲቀርብ፣ የሚቆጥበው ብር በተጻፈበት ገጽ ላይ የሚያሳጣው ነገርም ይጻፍ። ያኔ እጁን የሚያወጣ ሰው ምን ላይ እጁን እንዳወጣ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ዋና ተማሪ ባይኖር እንኳ ሥራው አይቋረጥ። የሕግ ተማሪውም፣ የነርስ ተማሪዋም፣ የምሕንድስናውም ልጅ በክረምት ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ አያት ጠይቆ፣ ድምፅ ቀርጾ፣ ጽፎ ማምጣት ይችላል። ዛሬ በየኪሱ ስልክ አለ፤ እኔ በ1992 ዓ.ም. በውሰት ካሴት መቅረጫ ነበር የሄድሁት። የ1957ቱ መምህራን ሥነ ሥርዓቱን አሳይተውናል፦ ተማሪውን ላከው፤ ግን የሚመለስበትን ክፍል ክፍት አድርገህ።

በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ለሴኔቱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዘጠነኛው ነጥብ እንደገና እንዲታይ፣ በዚህም ጊዜ የእኔ ድምፅ ተቃውሞ ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቄያለሁ። ያ የሒሳብ መምህር ጓደኛዬ ደብዳቤውን አንብቦ «አሥራ አምስተኛ ቅድሚያ ጨመርህ ማለት ነው?» አለኝ። አይደለም አልሁት፤ አሥራ አራቱን ማን እንደ ደረደራቸው ነው የጠየቅሁት።

ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። መልስ ሲያገኝ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።